የአንባቢያን ጥያቄ፦ የቢትኮድ ፋይሎችን አንድ ላይ ማያያዝ

ጥያቄ፦ ሦስት የሲ ፋይሎችን በክላንግ (የሲ ኮምፓይለር) ወደ ኤልኤልቪኤም ቢትኮድ፣ ማለትም ወደ ኮምፓይለሩ መካከለኛ ኮድ፣ ቀየርኩ። ቢትኮዶችን ወደ አንድ በሚያዋህደው መሣሪያ በኤልኤልቪኤም-ሊንክ ላያይዛቸው ስሞክር አንዱን ቫሪያብል «ከአንድ በላይ ቦታ ተገልጿል» ብሎ ያቆማል። እኔ ግን የጻፍኩት ሄደር ፋይሉ ውስጥ አንዴ ብቻ ነው።

መልስ፦ እርስዎ አንዴ ይጻፉት እንጂ፣ ሄደሩን ኢንክሉድ ያደረገ ፋይል ሁሉ የየራሱን ቅጂ ይዞ ወጥቷል። ዋጋ ያልተሰጠው ቫሪያብል ድሮ «ኮመን» ተብሎ በዝምታ ይዋሃድ ነበር፤ ከክላንግ 11 ወዲህ ግን ያ ነባሪ አሠራር ቀርቷል። ስለዚህ ሄደሩ ላይ ከቫሪያብሉ ፊት «ኤክስተርን» (ሌላ ቦታ ተገልጿል ማለት ነው) ይጨምሩና ቫሪያብሉን ራሱን ከሲ ፋይሎቹ በአንዱ ብቻ ይግለጹት። ከዚያ ሦስቱንም ቢትኮዶች እንደ አዲስ ያውጡ። አንዱ አሮጌ ሆኖ ከቀረ ያው ኤረር ሊመለስ ይችላል።

«ስታቲክ» ማድረግም ኤረሩን ያጠፋዋል፤ አይሞክሩት። ያን ጊዜ እያንዳንዱ ፋይል የራሱ ቫሪያብል ይኖረዋል፤ አንዱ ፈንክሽን ሲጨምርበት ሌላው ዜሮ ያነባል። ይህ የደረሰበት ሰው የኤልኤልቪኤም-ሊንክን ውጤት በትልቁ «-ኤስ» አማራጭ በጽሑፍ አውጥቶ ይመልከት። የቫሪያብሉ ስም አንዴ እንዳለ፣ ሌላ ጊዜ ነጥብና ቁጥር ተቀጥሎበት ከታየ ቅጂዎቹ ተለያይተዋል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ያለምንም ኤረር ተያያዘ። ፕሮግራሙን ስሠራ ግን አንድ ፈንክሽን የለም ይለኛል። ለምን ቀድሞ አልነገረኝም?

መልስ፦ ሥራው ስላልሆነ ነው። ኤልኤልቪኤም-ሊንክ ያላገኘውን ፈንክሽን «ዲክሌር» (ሌላ ቦታ አለ ተብሎ የታወጀ) ብሎ እንዳለ ያልፈዋል፤ የሚጮኸው ፕሮግራሙን የሚያጠናቅቀው የመጨረሻው ሊንከር ነው። ስለዚህ ዝምታውን እንደ ማረጋገጫ አይቁጠሩት። የተያያዘውን ፋይል የስሞችን ዝርዝር በሚያሳየው ኤልኤልቪኤም-ኤንኤም ከፍተው «ዩ» (ያልተገለጸ) የሚል ፊደል ያለባቸውን ስሞች ያንብቡ። ፕሪንትኤፍና ማሎክ እዚያ ቢገኙ አይደንግጡ፣ በኋላ ከሲ ላይብረሪ ይመጣሉ። የራስዎ ፈንክሽን ካለ ግን ወይ አንድ ፋይል ረስተዋል፣ ወይ ሲና ሲ ፕላስ ፕላስ ቀላቅለዋል። በሲ ፕላስ ፕላስ የወጣ ስም አብዛኛውን ጊዜ በአንደርስኮርና በዜድ ይጀምራል፤ በሲ በኩል ያለው ደግሞ ባዶ ስሙን ይፈልጋል። ሲ ፕላስ ፕላሱ ውስጥ ፈንክሽኑን «ኤክስተርን ሲ» በሚል ማስታወቅ ያገናኛቸዋል።

ጥያቄ፦ ኤልኤልቪኤም-ሊንክ ፋይሉን ገና ሲያነብ ነው የሚያቆመው።

መልስ፦ መጀመሪያ ባይቶቹን በቁጥር በሚያሳይ የሄክስ መሣሪያ ይክፈቱት። ቢትኮድ አብዛኛውን ጊዜ 42 43 በሚሉ ባይቶች ይጀምራል፣ «ቢ» እና «ሲ» ናቸው። ካልሆነ መደበኛ ኦብጀክት ፋይል (የማሽን ኮድ የያዘ) ሰጥተውት ሊሆን ይችላል፤ ኮምፓይል ሲያደርጉ «-ኤሚት-ኤልኤልቪኤም» የሚለው አማራጭ ተረስቶ እንደሆነ ይመልከቱ። መሣሪያው ቢትኮድ ያልሆነውን ፋይል እንደ ጽሑፍ ሊያነብ ስለሚሞክር የሚሰጠው ኤረር ከጉዳዩ ጋር ምንም የሚገናኝ አይመስልም።

ባይቶቹ ትክክል ከሆኑ ቨርዥን ይመልከቱ። አዲስ ኤልኤልቪኤም የቆየ ቢትኮድ ያነባል፤ የቆየው ግን አዲሱን ለማንበብ ዋስትና የለውም። ክላንጉና ኤልኤልቪኤም-ሊንኩ ከአንድ ቨርዥን ይሁኑ። ሁለቱንም «--ቨርዥን» ብለው ይጠይቋቸው፤ በአንድ ማሽን ላይ ሁለት ኤልኤልቪኤም መገኘቱ የተለመደ ነው።