ክሩዝ ላይ የእራት ሰዓት፦ ቋሚው ወይስ ክፍቱ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ነው ረዘም አድርጌ የምጽፍልሽ። ለመጀመሪያ ጊዜ ክሩዝ፣ ማለትም በትልቅ መርከብ የመዝናኛ ጉዞ፣ ልትሄዱ ነው። ሰባት ሌሊት፣ ሜዲትራኒያን ላይ። አንቺ፣ ባለቤትሽ፣ የስድስትና የአሥራ አንድ ዓመት ልጆችሽ፣ እንዲሁም የስኳር ሕመም ያለባቸው እናትሽ ናችሁ። ቡኪንጉ የእራት ሰዓት ምረጪ አለሽና ሦስት አማራጭ አቀረበልሽ፦ የመጀመሪያው ፈረቃ፣ ሁለተኛው ፈረቃ፣ ወይም ክፍት ሰዓት። «ሰው ሁሉ ክፍቱን ውሰጂ ይለኛል፣ እውነት እሱ ይሻላል?» ነው ያልሽው።

በቋሚውም በክፍቱም ተጉዣለሁ። ለእናንተ ቤተሰብ የሚሻለው የመጀመሪያው ቋሚ ፈረቃ ነው። ለምን እንደምል ላስረዳሽ።

ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። መርከቡ ላይ 18፡00 ተብሎ የምታዪው እኔ ከምሽቱ 12 ሰዓት የምለው ነው።

ትልቅ መርከብ ላይ ሦስትና አራት ሺህ ሰው ይሳፈራል። ሁሉንም በአንዴ የሚያስቀምጥ የምግብ አዳራሽ የለም። ስለዚህ እራቱን በሁለት ፈረቃ ይከፍሉታል። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ ከ11፡30 እስከ 12፡30 ባለው መሀል ይጀምራል። ሁለተኛው ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 2፡30 ገደማ ነው። ሜዲትራኒያን ላይ አንዳንድ መርከቦች ሁለቱንም ወደ ኋላ ይገፏቸዋል፣ ስለዚህ የእናንተን መርከብ ትክክለኛ ሰዓት ጠይቂ። ቋሚ ከያዝሽ በየምሽቱ ሰዓቱ ያው፣ ጠረጴዛው ያው፣ አስተናጋጆቹም ያው ናቸው። ክፍት ከያዝሽ ደግሞ አዳራሹ ክፍት በሆነበት ሰዓት ሁሉ መጥተሽ ባዶ በተገኘው ጠረጴዛ ትቀመጫለሽ። ሜኑው በአብዛኛው አንድ ነው። ዋጋውም ያው ነው። ይሄ ሁሉ ደግሞ ስለ እራት ብቻ ነው፤ ቁርስና ምሳ ላይ ቋሚ ፈረቃ የሚባል ነገር የለም።

ሰዎች ክፍቱን የሚመርጡት «ነፃነት ነው» ብለው ነው። ቋሚው እንደ ትምህርት ቤት ደወል ያስፈራቸዋል። ግን አስቢው። ቋሚ ሰዓት ይዘሽ አንድ ምሽት ብትቀሪ ማንም አይቀጣሽም። ቡፌው አለ፣ ካቢን (መኝታ ክፍላችሁ) ድረስ የሚመጣ ምግብ አለ፣ በማግስቱ ጠረጴዛሽ እዚያው ይጠብቅሻል። ከቋሚው ወደ ሌላው መውጣት ቀላል ነው። ክፍት ሰዓት ይዘሽ ግን አንድ ምሽት ተነስተሽ «የሚያውቀኝ አስተናጋጅ ጋ ልሂድ» ብትዪ፣ የሚያውቅሽ ሰው የለም። ለእኔ ዋናው ልዩነት እዚህ ላይ ነው።

ታናሽ እህቴ ሰሊጥ አይስማማትም። ትንሽ እንኳ ከነካች ከንፈሯ ያብጣል። በቋሚ ሰዓት አብረን ስንሄድ፣ በመጀመሪያው ምሽት አስተናጋጁ አጠገቧ ጎንበስ ብሎ አዳመጣት። ማስታወሻ ያዘ። ጣፋጩ ከተበላ በኋላ የነገውን ሜኑ ይዞ ተመለሰ። እያንዳንዱን ምግብ በእስክሪብቶው ጫፍ እየነካ፣ ይሄ ይቻላል፣ ይሄ ሶሱ ውስጥ አለ፣ ከፈለግሽ ያለ ሶሱ ይዘጋጃል እያለ አብሯት መረጠ። በማግስቱ ስንመጣ የእሷ ዳቦ ለብቻው፣ በናፕኪን ተሸፍኖ፣ ወንበሯ ፊት ለፊት ተቀምጧል። የጠረጴዛው የዳቦ ቅርጫት ደግሞ ራቅ ተደርጓል። ማንም አልጠየቀውም። ከዚያ በኋላ እስከ ጉዞው መጨረሻ ድረስ እህቴ ስለ ሰሊጥ አንዲት ቃል መናገር አላስፈለጋትም።

በክፍት ሰዓት የሄድን ጊዜ ደግሞ በየምሽቱ ከሀ ነበር የምንጀምረው። አለርጂው ሲስተማቸው ላይ ተመዝግቧል። ግን አስተናጋጁ አዲስ ነው፣ የተቀመጥንበት አካባቢ አዲስ ነው፣ ረዳቱም አዲስ ነው። እንደገና ማስረዳት፣ እንደገና ኃላፊው እስኪጠራ መጠበቅ። አንድ ምሽት ምግቧ ወደ ወጥ ቤት ተመልሶ እንደገና እስኪሠራ ሌሎቻችን በልተን ጨርሰናል። ክፉ ሰው አልገጠመንም፣ ሁሉም ሲበዛ ትሁት ነበሩ። አያውቁንም፣ ያ ብቻ ነው።

እናትሽን ሳስብ ይሄ ነው ትዝ ያለኝ። የሚያውቃቸው አስተናጋጅ ያለ ስኳር የተዘጋጀውን ጣፋጭ ሳይጠየቅ ያመጣላቸዋል። ድንቹን ቀንሶ አትክልቱን መጨመር እንዳለበት በሁለተኛው ምሽት ያውቃል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ምግቡ ስንት ሰዓት እንደሚቀርብ ይታወቃል። መድኃኒታቸው ከምግብ ጋር የተያያዘ ከሆነ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ከመሄዳችሁ በፊት ሰዓቱን ይዛችሁ ከሐኪማቸው ጋር ተነጋገሩበት።

ክፍት ሰዓት ማለት በር ላይ በደረስሽበት ደቂቃ ትቀመጫለሽ ማለት አይደለም። ይሄን ብዙ ሰው አይነግርሽም። ሰው ሁሉ የሚራበው በተመሳሳይ ሰዓት ነው። ከ12፡30 እስከ 1፡30 ያለው ጊዜ ነው ጭንቁ። በር ላይ ስምሽን ይመዘግቡና ጠረጴዛ ሲገኝ የሚንቀጠቀጥ ትንሽ መሣሪያ ይሰጡሻል፣ ወይም በድርጅቱ የስልክ አፕ መልእክት ይልኩልሻል። ለሁለት ሰው ቶሎ ይገኛል። አምስት ሆናችሁ ስትመጡ ግን ትልቅ ጠረጴዛ እስኪለቀቅ ትጠብቃላችሁ። ከአዳራሹ ውጪ ደግሞ መቀመጫው ጥቂት ነው። አንድ ምሽት አንዲት ትልቅ ሴት መሣሪያውን በእጃቸው እንደያዙ ግድግዳ ተደግፈው ለረጅም ጊዜ ሲቆሙ አይቻለሁ። ልጃቸው ወንበር ፍለጋ ወዲያ ወዲህ ትላለች። የራሳችን ተራ ደርሶ ስንገባም ልቤ እሳቸው ጋ ነበር።

ወደ ቋሚው ደካማ ጎን ልምጣ፣ ምክንያቱም ሜዲትራኒያን ላይ እውነተኛ ችግር አለው። እሱም ወደብ ነው። የካሪቢያን ጉዞ ላይ ሙሉ ቀን ባሕር ላይ የሚዋልባቸው ቀናት ስላሉ ቋሚ ሰዓት አያስቸግርም። ሜዲትራኒያን ግን በየቀኑ ማለት ይቻላል ወደብ ነው፤ ያውም ከተማው ሩቅ የሆነበት ወደብ። ለሮም መርከቡ የሚቆመው ቺቪታቬኪያ ነው፤ ከሮም ወደ 70 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ለፍሎረንስ ደግሞ ሊቮርኖ ነው፤ እሱም ሩቅ ነው። ጠዋት ወጥታችሁ፣ ቀኑን ሙሉ በእግር ዞራችሁ፣ በአውቶቡስ ተመልሳችሁ መርከቡ ላይ ስትደርሱ 12 ሰዓት ሊሆን ይችላል። ገላ መታጠብ አለ። ልጆቹ ደክሟቸዋል። የመጀመሪያው ፈረቃ ደግሞ እየጀመረ ነው።

ስለዚህ ይህን አድርጊ። ወረቀት ያዢና ሰባቱን ቀናት ጻፊ። በእያንዳንዱ ቀን አጠገብ መርከቡ ከወደብ የሚነሳበትን ሰዓት አስቀምጪ። ሁሉም ሰው ተሳፍሮ እንዲገኝ የሚፈለገው ከመነሻው ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ነው፣ እሱንም አስቢ። ከዚያ ሩቅ ከተማ የምትሄዱባቸውን ቀናት አክብቢ። እንደ ባርሴሎና ያለው ወደቡ ከከተማው አጠገብ የሆነ ቦታ አያሳስብሽ። ያከበብሻቸው ሁለት ቢሆኑ በእነዚያ ምሽቶች ቡፌ ትበላላችሁ፣ አለቀ። አራትና አምስት ከሆኑ ግን ሐሳቤን እቀይራለሁ፣ ክፍቱን ያዢ። ብዙ ድርጅቶች ክፍት ሰዓት ላይም በአፑ ቦታ ማስያዝ ይፈቅዳሉ። ለሁሉም ምሽት አስቀድመሽ አስይዢ። በመጀመሪያው ምሽት የወደድሽውን አስተናጋጅ ስምና የጠረጴዛውን ቁጥር ያዢና በማግስቱ «እሱ ጋ መቀመጥ እንፈልጋለን» በያቸው። ሁልጊዜ ባይሳካም ብዙ ጊዜ ይተባበራሉ።

ሁለተኛውን ፈረቃ ለእናንተ አልመክርም። ልጅ ለሌላቸው ጥንዶች ግሩም ነው። ከወደብ ዘና ብለው ይመለሳሉ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ዴክ (የመርከቡ ክፍት ወለል) ላይ ቆመው ያያሉ፣ ከዚያ ይበላሉ። ግን እራቱ ራሱ አንድ ሰዓት ተኩል፣ አንዳንዴም ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ዋናው ምግብ ሲቀርብ ሦስት ሰዓት ሊያልፍ ነው። በዚያ ፈረቃ ሁለት ወንበር ተገጥሞላቸው፣ የእናታቸውን ሻርፕ ለብሰው የተኙ ልጆችን በየምሽቱ ታያለሽ። የስድስት ዓመት ልጅሽ አይችለውም። እናትሽም እስከዚያ ሰዓት መቆየት አይኖርባቸውም።

ስለ ሾው ብዙ አትጨነቂ። ቲያትሩ ብዙውን ጊዜ ያንኑ ዝግጅት በአንድ ምሽት ሁለት ጊዜ ያሳያል፤ የመጀመሪያው ፈረቃ በልቶ የኋለኛውን፣ ሁለተኛው ደግሞ ከእራት በፊት የፊተኛውን እንዲያይ ነው የሚደረደረው። ክፍት የያዘ ሰው ነው ራሱ ማስላት ያለበት።

አንድ ነገር ግን የግድ አረጋግጪ፤ ድርጅቱ ምርጫውን ይሰጣል ወይ? ሁሉም አይሰጡም። ኖርዌጂያን የሚባለው የክሩዝ ድርጅት ከ2000 (እንደ ፈረንጆቹ) ጀምሮ «ፍሪስታይል» በሚለው አሠራሩ ቋሚ ሰዓትን ትቷል። ሮያል ካሪቢያን እና ካርኒቫል ሁለቱንም ይሰጣሉ፤ ክፍቱን አንዱ «ማይ ታይም»፣ ሌላው «ዩር ታይም» ይለዋል። የዲዝኒ መርከቦች ደግሞ የራሳቸው መላ አላቸው፤ በየምሽቱ የምትበዪበት ምግብ ቤት ይለዋወጣል፣ አስተናጋጆችሽ ግን እየተከተሉሽ ይሄዳሉ። ልጆች ላሏቸው ይህን አሠራር በጣም ነው የምወድደው። ሮያል ካሪቢያንም በ2014 «ኳንተም ኦፍ ዘ ሲስ» የምትባለውን መርከብ ሲያስጀምር፣ አንዱን ትልቅ አዳራሽ ትቶ በትንንሽ ምግብ ቤቶች ቦታ እያስያዙ መብላት የሚል አሠራር አምጥቶ ነበር። ተሳፋሪው አጉረመረመ፣ ድርጅቱም ብዙም ሳይቆይ ወደ ቀድሞው ተመለሰ። እኔን አልገረመኝም። ቀኑን ሙሉ ሲዞር የዋለ ሰው ማታ ላይ የሚፈልገው ስሙን የሚያውቅ ሰው ያለበት ወንበር ነው።

የጠረጴዛ ጓደኛስ? አምስት ስለሆናችሁ ለብቻችሁ ጠረጴዛ የማግኘት ዕድላችሁ ሰፊ ነው፣ ግን ቡኪንጉ ላይ ጠይቂ። እናትሽ በሌላ የቡኪንግ ቁጥር ከተመዘገቡ ሁለቱን ቁጥሮች እንዲያያይዙልሽ አሁኑኑ ንገሪያቸው። ካልተያያዘ እሳቸው ሌላ ጠረጴዛ፣ አልፎም ሌላ ፈረቃ ሊደርሳቸው ይችላል። ብቻውን የሚጓዝ ሰው ይህን እያነበበ ከሆነ ግን ምክሬ ሌላ ነው። ቋሚ ሰዓት፣ ትልቅ ጠረጴዛ። በመጀመሪያው ምሽት ትንሽ ማፈር አለ። ከዚያ በኋላ ግን «ዛሬ የት ዋልክ?» የሚልህ ሰው ይኖራል። እኔ ዛሬም ድረስ የምንደዋወላቸው ሰዎች ያገኘሁት በእንዲህ ያለ ጠረጴዛ ነው።

የመጀመሪያው ፈረቃ ሞልቷል ካሉሽ ተስፋ አትቁረጪ። የተጠባባቂ ዝርዝር አለ፣ ተመዝገቢ። የተሳፈራችሁ ዕለት ደግሞ ከሰዓት በኋላ የምግብ አዳራሹ ኃላፊ ለውጥ የሚፈልጉ ሰዎችን የሚያስተናግድበት ሰዓት ይኖራል። ሻንጣ ከመፍታትሽ በፊት እዚያ ሂጂ። ቀድሞ የመጣ ነው የሚያገኘው። ልጆች እንዳሉሽና እናትሽ የስኳር ሕመም እንዳለባቸው ንገሪያቸው፣ ከልባቸው ነው የሚሞክሩት።

ቋሚውን ካገኘሽ አታርፍዱ። ወጥ ቤቱ የፈረቃውን ምግብ በአንድ ላይ ነው የሚያወጣው፤ 15 ደቂቃ ካለፈ ለእናንተም ለአስተናጋጁም ጥድፊያ ይሆናል። የማትመጡበት ምሽት ካለ ከቀኑ በፊት ለአስተናጋጁ ንገሩት። ባዶ ጠረጴዛ እያየ ከሚጠብቃችሁ ይሻላል።

ሰዓት ስትቆጥሪ ደግሞ የመርከቡን ሰዓት ተከተዪ። ጉዟችሁ ጣሊያንንና ግሪክን ከነካ በመሀላቸው የአንድ ሰዓት ልዩነት አለ። ስልክሽ በራሱ ሊቀይር ይችላል፣ መርከቡ ላይቀይር ይችላል። ማታ ማታ ካቢን ውስጥ የሚቀመጠውን ወይም አፑ ላይ የሚወጣውን የነገ ፕሮግራም እዪ። የእናትሽን መድኃኒትም በዚያው ሰዓት አስተካክዪ፣ በቦርሳቸውም የምትቀመስ ነገር አትጥፋ።

የጉዞ ዝርዝራችሁን ከነመነሻ ሰዓቱ እዚህ ብታስቀምጪው ቀን በቀን አብሬሽ አያለሁ።