ጋልቨስተን አሳው የት ነው ላልከው ወንድሜ

ሰላም ወንድሜ፣ ከዴንቨር ሂውስተን ገብተህ፣ ሦስት ቅዳሜ ሂውስተን አጠገብ ወዳለው ባሕር ዳር ጋልቨስተን ሄደህ ባዶ እጅህን ተመልሰህ፣ አሳው የት ነው የሚገኘው ብለህ የጻፍከውን ሳነብ የራሴን ታሪክ ያነበብኩ ነው የመሰለኝ። እኔ ሐዋሳ ነው ያደግኩት፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ቆሮሶና አምባዛ ሳወጣ ስለኖርኩ አሳ አውቃለሁ ብዬ ነው የሄድኩት፣ የጨው ውሃ ግን ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። የተቃጠልኩበትን ልንገርህ።

1ኛ ላይሰንስህን፣ ማለት የማጥመጃ ፈቃድህን፣ አንብበው። እኔ ሱቅ ሄጄ ለሻጩ ልጅ ጋልቨስተን ነው የማጠምደው ብዬ በአፌ ነገርኩት፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ አትሞ ሰጠኝ። ለካ ቴክሳስ ውስጥ የፍሬሽዋተር (ጨው የሌለው ውሃ) ለብቻው ነው የሶልትዋተር (የጨው ውሃ) ለብቻው፣ የሰጠኝ የሐይቅና የወንዙን ነው። ሦስት ወር ሙሉ በሱ ስሄድ ቆይቼ አንድ ቀን ከልጄ ጋር እያለሁ ጌም ዋርደን የሚባለው የአደንና የአሳ ሕግ አስከባሪ መጣና ቲኬት ጻፈልኝ፣ 190 ዶላር። ሱቁ ተመልሼ ሳስረዳ ማናጀሯ ማንበብ ያንተ ሥራ ነው ብላኝ ፊቷን አዞረች፣ እስካሁን ያንገበግበኛል። ሶልትዋተር የሚለውን ሳታይ ከካውንተሩ እንዳትነቃነቅ። ደግሞ ማንም ያልነገረኝ፣ ስቴት ፓርክ ውስጥ ዳር ቆመህ ካጠመድክ ላይሰንስ አያስፈልግም፣ ጋልቨስተን ደሴት ላይ ያለው ስቴት ፓርክ በቤይ በኩል፣ ማለት ወደ ውስጥ በገባው የባሕር ክፍል በኩል፣ ጥሩ ረግረግ አለው፣ መግቢያ ከፍለህ እዚያ ጀምር።

2ኛ አሳው የት ነው ላልከው፣ የገባኝ በዚያው በቲኬቱ ቀን ነው። ማጥመድ ስለተከለከልኩ፣ ልጄም እንሂድ ስላላለ፣ ኩለሩ ላይ ቁጭ ብዬ ሁለት ሰዓት ውሃውን ብቻ አየሁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ትልቅ አሳ ጥልቅ ውስጥ ነው ብዬ እስከ ወገቤ ገብቼ ጉልበቴ እስከቻለ ወደ መሀል ነበር የምወረውረው። ያን ቀን ታይዱ (ባሕሩ በየቀኑ ከፍና ዝቅ የሚለው) እየወረደ ነበር፣ ከሳሩ መሀል አንዲት ጠባብ ቦይ ውሃዋን ወደ ቤዩ ታፈሳለች፣ አፏ ላይ ድፍርሱና ጥርት ያለው ውሃ የሚገናኙበት መስመር ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ጥፍር የሚያካክሉ ሽሪምፖች (አሳ የሚበላቸው ትንንሽ የባሕር ፍጥረቶች) ፈንጠር ፈንጠር ይላሉ። ልጄ አባ ያ ምንድነው አለኝ። ጉልበት በማይደርስ ውሃ ላይ መዳብ የመሰለ፣ ጥቁር ነጥብ ያለበት ጅራት ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ወዲያው ሌላ ሁለተኛ። ሬድፊሽ የሚባለው አሳ ነው፣ አፉን ጭቃው ውስጥ ሰክቶ ሸርጣን ሲፈልግ ጅራቱ ከውሃ ይወጣል። ያን ሁሉ ጊዜ ከኋላዬ ነበር፣ ረግጬ ረግጬ አባርሬው ነው ወደ ጥልቁ የምወረውረው።

ስለዚህ ማታ ሳተላይት ማፑን ከፍተህ ከሳሩ ወደ ቤይ የሚወጡትን ቦዮች ለይ፣ ታይዱ መውረድ ሲጀምር ድረስ፣ ሳትገባ በፊት እግርህ ስር ያለውን ውሃ አጥምድ። ሙሌት የሚባሉት ትንንሽ አሳዎች ባንዴ ከተበተኑ ከስራቸው የሚያሳድዳቸው አለ ማለት ነው። የታይድ ሰንጠረዡን ብቻ አትመን፣ እዚያ ታይዱ ትንሽ ነው፣ ዊንተር ላይ ፍሮንት የሚባለው የብርድ አየር ካለፈ በኋላ የሰሜን ነፋስ ውሃውን ከቤዩ ጠራርጎ ያወጣዋል፣ ሰንጠረዡ ሙሉ ነው እያለ አንተ ጭቃ ነው የምታገኘው።

ከገባህ ደግሞ እግርህን እያነሳህ አትራመድ፣ እየጎተትክ ሂድ፣ ስቲንግሬይ የሚባል ጅራቱ ላይ መርዛም እሾህ ያለው ጠፍጣፋ አሳ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ይተኛል፣ ስትነካው ይሸሻል ስትረግጠው ግን ይወጋል። ኦይስተር የሚባለው ስለታም ቅርፊት ያለው የባሕር ፍጥረት ቀጭን ጫማ ይቆርጣል። ቁስል ካለህ በሙቀት ወራት አትግባ፣ ቪብሪዮ የሚባል ባክቴሪያ በቁስል ይገባል፣ ሰው ይገድላል።

ሜትር ያዝ፣ ይዘህ ልትሄድ የሚፈቀድልህ ሬድፊሽ ከ20 እስከ 28 ኢንች በቀን ሦስት፣ ስፔክልድ ትራውት የሚባለው ሌላው አሳ ከ15 እስከ 20 ኢንች እሱም ሦስት ነው። እኔ ትክክለኛውን ላይሰንስ ይዤ በተመለስኩበት ቅዳሜ እዚያችው ቦይ አፍ ላይ፣ ፖፒንግ ኮርክ በሚባለው ድምፅ በሚያሰማ ተንሳፋፊ ስር ሽሪምፕ አድርጌ 24 ኢንች ሬድፊሽ አወጣሁ፣ መረቡን የያዘው ልጄ ነው። ባለቤቴ ለሁለት ከፍላ፣ እንደ ሐዋሳው ጎኑን በቢላ ሸርክታ ጠብሳ ከአዋዜ ጋር አቀረበችው።

ሂውስተን በየት በኩል ነህ? የሚመጣው ቅዳሜ ነፃ ነኝ፣ ጻፍልኝና ቦይዋን ራሷን አሳይሃለሁ።