የድራማ ትሬለር ለምን እንዲህ ይሠራል? ጠይቁኝ

ባህር ዳር፣ ጣና ዳር ካለች ጠባብ ክፍል ሆኜ የድራማ ፊልም ትሬለር፣ ማለትም ፊልሙ ከመውጣቱ በፊት የሚታየውን አጭር ማስታወቂያ፣ እቆርጣለሁ። ዛሬ ኮምፒውተሩ ሬንደር ላይ ስለሆነ (የቆረጥኩትን ወደ አለቀለት ቪዲዮ እየቀየረ ነው) እጄ ነፃ ነው፤ የመጣላችሁን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ትሬለር የሚባለው የመኪና ተሳቢ አይደል እንዴ? ከፊልም ጋር ምን አገናኘው?

መልስ፦ ቃሉ ያው ነው። ድሮ አሜሪካ ውስጥ ከዋናው ፊልም በኋላ ይታይ ነበር፤ እንደ ተሳቢ ከኋላ ተጎትቶ ይመጣል። የመጀመሪያው በፈረንጆቹ 1913 ኒልስ ግራንሉንድ የሠራው ነው ይባላል። ተመልካቹ ፊልሙ ሲያልቅ ተነስቶ ሲሄድባቸው ወደ ፊት አመጡት፤ ስሙ ግን ከኋላ ቀረ።

ጥያቄ፦ ሁሉም ለምን ይመሳሰላሉ?

መልስ፦ አጥንታቸው አንድ ነዋ! ሰላም ያለበት ቤት ይታያል፤ ቡና ይፈላል፣ ልጅ ይስቃል። ከዚያ በር ይንኳኳል ወይም ስልክ ይጮሃል። በአንድ ፒያኖ ወይም በማሲንቆ የጀመረው ሙዚቃ እየከበደ፣ ምስሉ እያጠረ ይሄድና ጫፍ ላይ ሲደርስ ሁሉም ጭጭ ይላል። በጨለማው ውስጥ አንድ ንግግር ትሰማለህ፤ ከዚያ ርዕሱ፣ ከዚያ «በቅርብ ቀን»። ሁለት ደቂቃ ተኩል ቢሆን ነው።

ጥያቄ፦ እኔን የሚይዘኝ ያ ጭጭ የሚለው ቦታ ነው። እንዴት ነው የሚመረጠው?

መልስ፦ በአንድ ሥራ ላይ እናት መርዶ ሰምታ የምትጮህበት ትዕይንት ነበር። ዳይሬክተሩ «ጩኸቱ ይግባ» አለ። እኔ ግን ከዚያ በፊት ያለችውን ወሰድኩ፦ ስኒውን ረከቦቱ ላይ ስታስቀምጥ ጣቷ ይንቀጠቀጣል፤ ስኒ ከስኒ ይንኳኳል። ሙዚቃውን አጥፍቼ የስኒውን ድምፅ ብቻ ተውኩ። ምን እንደሰማች አልነገርንም። ማወቅ የፈለገ ትኬት ይቁረጥ! ጩኸቱን ካሳየኸው ግን ምን ቀረው?

ጥያቄ፦ ያ ወፍራም የተራኪ ድምፅ የት ገባ?

መልስ፦ ሆሊውድ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ትሬለሮችን የተረከው ዶን ላፎንቴን በፈረንጆቹ 2008 አረፈ። አሁን ሥራውን የተዋንያኑ ንግግርና ስክሪን ላይ የሚወጣው ጽሑፍ ወስደውታል። እኛ ጋ «ፍቅር... ክህደት... በቀል...» የሚለው ገና አልደከመም።

ጥያቄ፦ ትሬለሩ ላይ ያየሁት ትዕይንት ፊልሙ ውስጥ የለም። ተሸወድኩ?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ትሬለሩ የሚቆረጠው ፊልሙ ሳያልቅ ነው፤ በኋላ የሚወጣ ትዕይንት አይጠፋም። ሙዚቃውም የሌላ የሚሆነው ለዚሁ ነው።

ጥያቄ፦ እዚህ የተቀረፀ ፊልም ሁሉ በጣና መጀመር አለበት?

መልስ፦ ኧረ በማርያም! ድሮኑ ከሐይቁ ተነስቶ ዘንባባውን አልፎ ከተማው ላይ ሲዞር ሃያ ሰከንድ ይበላል፤ ሰው ግን አላየንም። ያ የጉብኝት ማስታወቂያ ነው። ጣናን ከወደድከው አንድ ሰው የደንገል ታንኳውን ወደ ዳር ሲጎትት አሳየኝ፤ መሃል ላይ ድንገት ቆሞ ወደ ኋላ ይዙር። ያየውን ነገር አታሳየኝ።