ኳሱን ይዞ የሚሄደው ልጅ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከሉማሜ ነው። የ11 ዓመት ልጅ አለኝ። ለፋሲካ ኳስ ገዛሁለት። ስፖርት ልጅን ጨዋ ያደርጋል ሲባል ሰምቼ ነበር፤ የኔው ግን ጭራሽ ባሰበት። ከቤታችን ጀርባ ባለው ሜዳ ከሰፈር ልጆች ጋር ይጫወታል። እየመራ ከሆነ ካልመሸ አይገባም። ጎል ሲቆጠርበት ግን ኳሱን በብብቱ ወሽቆ ወደ ቤት! ልጆቹ አጥሩ ሥር ቆመው ይለምኑታል፤ እሱ ወይ ፍንክች። ማታ ማታ “እህ፣ አሸነፍክ?” እለዋለሁ፤ ካኮረፈ መሸነፉን አውቃለሁ። እናቱ ኳሱን እንቀማውና ደብተሩን ይያዝ ትላለች። የ9 ዓመት እህቱ እንኳ ከጎሉ ጀርባ ቆማ ኳስ ስታመላልስ ትውላለች እንጂ እንዲህ አታስቸግርም። ምን ይሻለኛል?
የኳሱ ገዢ ነኝ፣ ከሉማሜ

መልስ፦ የኳሱ ገዢ፣ ደብዳቤዎን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ በልጅዎ አይደለም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ 27 ዓመት ስፖርት አስተምሬያለሁ። ኳሱን ይዞ የሚሄደው ልጅ ያልነበረበት አንድም ዓመት አላስታውስም። ስሙን እየቀየረ በየዓመቱ ይመዘገብ ነበር ማለት ይቻላል።

ኳሱን አይቀሙት። ግን እውነቱን ልንገርዎ፣ ኳስ በራሱ ማንንም ጨዋ አያደርግም። ልጅ የሚማረው ጎል በተቆጠረበት ሰዓት በሚሆነው ነገር ነው። ልጅዎ እስካሁን የተማረው ምንድን ነው? ሽንፈት ሲመጣ ማምለጫ እንዳለው። ማምለጫው ደግሞ ያው ኳሱ ነው። የኔ ነው፣ አባቴ ነው የገዛልኝ፣ አለቀ።

እስቲ የገና ጨዋታን ያስቡት። እርስዎም በልጅነትዎ አጨዳው ካለቀ በኋላ ማሳው ላይ ሳይሯሯጡ አልቀሩም። ዱላውን እያንዳንዱ ለራሱ ቆርጦ ይመጣል። ሩሯ፣ ማለትም የገናዋ ኳስ፣ ግን አንዴ ሜዳ ከገባች የማንም አይደለችም፤ ይዞ ወደ ቤት የሚሮጥ ሰው አላየሁም። “በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ” የሚባለውም ለዚህ ነው። ጌታው በሎሌው ዱላ ቅልጥሙን ቢመታ እንኳ ማኩረፍ አይፈቀድለትም። እኔ ግራ ጉልበቴ ላይ እስከ ዛሬ ጠባሳ አለ። የመታኝ የአጎቴ ልጅ ነው። የዚያኑ ማታ በአንድ ገበታ በላን፤ ያውም እናቴ ለሱ አብልጣ ነበር የቆረሰችለት። ይኼ እስካሁን አልወጣልኝም።

ስለዚህ ኳሱን ከቤትዎ ያውጡት። ሜዳው አጠገብ ልጆቹ የሚያከብሯቸው አንዲት እናት አይጠፉም፤ እሳቸው ዘንድ ይደር። ማን እንደሚያመጣው፣ ማን እንደሚያስነፋው ልጆቹ ራሳቸው ይነጋገሩ። ልጅዎ ማኩረፍ ካማረው ያኩርፍ፤ ግን ብቻውን ይሂድ፣ ጨዋታው ይቀጥላል።

የሚሆነውን ልንገርዎ። አንድ ተማሪዬ ሪጎሬ ተሰጠብን ብሎ ተቆጥቶ ወጣ። ከሜዳው ዳር ካለው ባሕር ዛፍ ሥር ጀርባውን ሰጥቶን ተቀመጠ። ዞር ብዬም አላየሁት፤ ልጆቹንም ማንም እንዳይጠራው አልኳቸው። መጀመሪያ ድንጋይ እያነሳ ይወረውር ነበር። ቆይቶ አንገቱን ዞር አደረገ። ከዚያ በወገቡ ዞረ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ከተቀመጠበት “አውት ነው! አውት ነው እኮ!” እያለ ይጮህ ጀመር። እውነትም አውት ነበር። “ና ግባ፣ ውርወራው ያንተ ነው” አልኩት። ገባ። ስለ ሪጎሬው ደግሞ ያነሳ የለም።

ሌላው የማታው ጥያቄዎ ነው። አይቆጡኝና “አሸነፍክ?” የሚሉት እርስዎ ነዎት። ልጁ በሩን ሲከፍት የሚጠብቀው ያ ጥያቄ ከሆነ፣ 2 ለ 0 እየተመራ ኳሱን ይዞ ቢሮጥ ምን ይገርማል? ያላለቀ ጨዋታ አልተሸነፈማ! “ከነዚያኞቹ ማን ጎበዝ ነው?” ብለው ይጠይቁት። መጀመሪያ “ማንም” ይላል። በሳምንቱ አንድ ስም ይጠራል።

እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። አንድ ጊዜ በክፍሎች ውድድር የራሴን ክፍል ጨዋታ እኔው ዳኘሁ። ስህተቱ ከዚያ ይጀምራል። አጥቂያችን ኳሷን በእጁ ገፍቶ አገባት። አይቻለሁ። ፊሽካውን አፌ ላይ አድርጌ ዝም አልኩ። አሸነፍን፣ ጨፈርን። በዚያው ሳምንት ፈተና ላይ አንዱን ሲኮርጅ ያዝኩት። ቀና ብሎ አየኝና “ቲቸር፣ ያን ቀንም አይተው ዝም ብለዋል እኮ” አለኝ። ወረቀቱን ቀማሁት፤ ግን ሌላ ቃል ከአፌ አልወጣም። ልጆች ኳሱን ብቻ የሚያዩ ይመስለናል። ዳር የቆመውን ትልቅ ሰው ነው የሚያዩት።

ጥሩ ነገርም ያያሉ ታዲያ። በ1996 ዓ.ም. የአቴንስ ኦሎምፒክ ጊዜ ክረምት ነበር። አንድ ቡና ቤት ታጭቀን 10,000 ሜትር እናያለን። ኃይሌ ገብረሥላሴ ጉዳት ላይ ስለነበር ወደ ኋላ ቀረት አለ። ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን ከፊት ሆነው ዞር እያሉ ያዩታል፤ ፍጥነት ቀንሰው ይጠብቁታል። ከጎኔ የተቀመጠ ተማሪዬ “ምነው ጥለውት አይሄዱም? ወርቅ ነው እኮ!” ብሎ ሊያብድ ደረሰ። በመጨረሻ ጥለው መሄዳቸው አልቀረም፤ ቀነኒሳ ወርቅ፣ ስለሺ ብር፣ ኃይሌ አምስተኛ። ያ ልጅ በማግስቱ መንገድ ላይ አግኝቶኝ ያወራኝ ስለ ወርቁ አልነበረም፤ ስለ መጠበቃቸው ነበር። እኔ እንዲህ ያለውን ትምህርት በ27 ዓመት ሰሌዳ ላይ ጽፌ ማስረዳት አልቻልኩም። ስለዚህ ሩጫም ኳስም በቴሌቪዥን ሲኖር ልጅዎን አጠገብዎ አስቀምጠው ይዩ፤ ዳኛ ላይም ብዙ አይሳደቡ።

የእናቱ ሥጋት ይገባኛል። ለጥናት ሰዓት ያውጡለት፣ በሰዓቱም ያስገቡት። ግን ኳሱን ለቅጣት አይጠቀሙበት። በሒሳብ የወደቀ ልጅ ከሜዳ ስለተከለከለ ሒሳብ ሲያውቅ አላየሁም።

ስለ ልጅቱ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ደብዳቤው ላይ በአንድ መስመር አለፏት። ከጎሉ ጀርባ ቆማ ኳስ ስታመላልስ የምትውል ልጅ ኳስ የምትወድ ልጅ ናት! ሳታኮርፍ፣ ሳትለምን፣ አንዴም ሳትመታ የምትውለው እሷ ናት። ነገውኑ ያስገቧት። በረኛ ትሁን፤ መሬቱን ለምዳዋለች። ወንድሟም እህቱ ጎል ሲገባባት ምን እንደምታደርግ ቆሞ ይይ።

ደግሞ ኳሱ ቢቀደድ ሌላ ለመግዛት አይቸኩሉ። እኛ ጨርቅ ኳስ ስንሠራ አንድ አሮጌ ካልሲ ይበቃን ነበር። ከየቤቱ ቁራጭ ጨርቅ ይምጣና ልጆቹ ራሳቸው ይጠቅጥቁት፣ ይስፉት። የስድስት ቤት ጨርቅ የገባበትን ኳስ “የኔ ነው” ብሎ ይዞ ለመሄድ ያስቸግራል።