ባክቴሪያና ስኳር ተምሬ እንጀራ እበላለሁ ወይ?

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። የድሬዳዋ ልጅ ነሽ፣ የባዮሎጂ ሦስተኛ ዓመት። ባክቴሪያ ስኳር የሚበላባቸውን ጂኖች እንዴት እንደሚከፍትና እንደሚዘጋ ከተማርሽ ወዲህ ልብሽ እዚያው ቀርቷል። ነጋዴው አባትሽ ግን "ይሄ እንጀራ አይሆንም፤ አቋርጪና አካውንቲንግ ግቢ፣ እኔ እከፍላለሁ" ብለውሻል። እንግሊዝኛሽና የውጭ ስኮላርሺፕም ያሳስቡሻል።

እንግሊዝኛው በንባብ ይስተካከላል። ስኮላርሺፑ ከዲግሪው በኋላ ይደርሳል። የአባትሽን ነገር ግን ዝም ብዬ አላልፈውም።

እኔ ሥራ የጀመርኩት ውሃ በሚመረመርበት ላብራቶሪ ነው። የወተት ስኳር፣ ላክቶስ፣ ያለበት ፈሳሽ በቱቦ ይቀዳል። ውስጡ ጣት የማታህል ሌላ ቱቦ ተገልብጣ ትቀመጣለች። የቧንቧ ውሃ ጨምረን 35 ዲግሪ ላይ እናቆየዋለን። (በግንቦት የድሬ ሙቀት ይበቃል፣ ማሽኑን እናጥፋው እያልን እንቀልድ ነበር።) በ48 ሰዓት ውስጥ የተገለበጠችው ቱቦ አናት ላይ አረፋ ከታየ፣ ላክቶስ በልቶ ጋዝ ያወጣ ባክቴሪያ አለ። ያኔ ውሃው ከሰገራ ጋር ተነካክቶ ይሆናል ብለን ወደ ማረጋገጫው እንሄዳለን። ዓመት ሙሉ አረፋ ስፈልግ ለምን ላክቶስ እንደተመረጠ አላውቅም ነበር። አለቃዬም አያውቅም።

አንቺ ታውቂያለሽ። አንጀት ውስጥ የሚኖረው ባክቴሪያ፣ ኢ. ኮላይ፣ ግሉኮስ የሚባለው ስኳርና ላክቶስ ሲቀርብለት መጀመሪያ ግሉኮሱን ይጨርሳል፣ ትንሽ ያርፋል፣ ከዚያ ወደ ላክቶሱ ይዞራል። ላክቶስ በሌለበት አንድ ፕሮቲን ዲኤንኤው ላይ ተቀምጦ ላክቶስ የሚበላባቸውን ጂኖች ይዘጋል፤ ላክቶስ ሲገባ ይነሳል። ፈረንሳዊዎቹ ሳይንቲስቶች ዣኮብና ሞኖ ይህንን በ1961 እ.ኤ.አ. አሳተሙ፤ በ1965 ከአገራቸው ልጅ ከልዎፍ ጋር ኖቤል ተሸለሙ። በ1978 ደግሞ የስኳር ሕመምተኞች የሚወጉት ኢንሱሊን፣ የሰው ዓይነቱ፣ በባክቴሪያ ሲሠራ በዚሁ የጂን ማብሪያ ማጥፊያ ነበር። አባትሽ የስኳር ሕመም ያለበት ወዳጅ አያጡም፤ ይህንን ንገሪያቸው።

አካውንቲንግ መጥፎ ሙያ አይደለም። ግን ሦስት ዓመት የተለፋበትን ጥሎ ከሀ መጀመር ኪሳራ ነው፤ ነጋዴ ሰው ይህንን ማወቅ ነበረበት። አንቺም ብትሆኚ ወረቀቱን ብቻ ይዘሽ ብትወጪ ቤት ትቀመጫለሽ። እዚህ ላይ አባትሽ ልክ ናቸው።

ስለዚህ በዚህ ክረምት የውሃና የመጠጥ ፋብሪካዎችን የጥራት ክፍል አንኳኪ። ሁለት ወር በነፃም ቢሆን ግቢ። የሆስፒታል ላብራቶሪ የራሱ ትምህርትና ፈቃድ አለው፤ እዚያ አትንከራተቺ። አባትሽን ደግሞ "ለኮሌጅ ካሰብከው ላይ ለሁለት ወር የባጃጅ ብቻ ስጠኝ" በያቸው። ከፋብሪካው ሰዎች ጋር ስትገናኚ ሰርተፍኬት ከመጠየቅሽ በፊት ያቺን የተገለበጠች ቱቦ እንዲያሳዩሽ ጠይቂ።