ካፒቴኑ አምስት ዓመት ሊሞላው ነው

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ? ልጄ በሚቀጥለው ወር አምስት ዓመት ይሞላዋል። ካርቱን ላይ አይቶ ነው መሰለኝ፣ «የባሕር ወንበዴ ልደት ካልሆነ አልፈልግም» ብሎ ድርቅ ብሏል። እኔ ገና ሳስበው ደከመኝ። ኢንተርኔት ላይ የማያቸው ልደቶች እውነተኛ መርከብ ተከራይተው ያከበሩት ነው የሚመስሉት። ባለቤቴ ደግሞ «ሌባ ሆኖ ልደት ማክበር ምን የሚሉት ነው?» እያለ ይስቅብኛል። አሥራ አምስት ልጆች ልጠራ አስቤያለሁ። ከየት ልጀምር?
የካፒቴኑ እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ከአሥራ አምስቱ ጀምሪ። ቀንሺያቸው። ለአምስት ዓመት ልጅ ስድስት እንግዳ ይበቃዋል፣ ቢበዛ ስምንት። ጨዋታውም ከሁለት ሰዓት አይለፍ። ከዚያ በኋላ የካፒቴኑም የባሕረኞቹም ትዕግሥት ያልቃል፤ ያንቺማ ቀድሞ ያለቀ ነው።

ቀጥሎ የምነግርሽ ነገር ብዙ ድካም ይቀንስልሻል። በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች ግድግዳው ላይ ምን እንደተሰቀለ ልብ አይሉም፣ ስለ ጠረጴዛው ጨርቅ ቀለምም ደንታ የላቸውም፣ ማታ ቤታቸው ገብተው የሚያወሩት ስለ ሀብት ፍለጋው ብቻ ነው። ስለዚህ ጉልበትሽን እዚያ ላይ አውጪው።

መርከብ ካልሽ ትልቅ ካርቶን በቂ ነው። የፍሪጅ ወይም የልብስ ማጠቢያ ማሽን ካርቶን ብታገኚ ደግሞ በጣም ጥሩ። ከላይ ክፈቺው፣ የመጥረጊያ እንጨት አቁሚበት፣ ያረጀ አንሶላ እንደ ሸራ ስቀዪበት። ቀለሙን ግን አንቺ አትቀቢ! ልጆቹ እየመጡ ይቀቡት። ልደት ላይ ከባዱ ሰዓት የመጀመሪያው ሃያ ደቂቃ ነው፤ ግማሹ መጥቷል፣ ግማሹ አልመጣም፣ አንዱ እናቱ ቀሚስ ውስጥ ተደብቋል። ያ ልጅ ብሩሽ እጁ ሲገባ ሳያውቀው ይወጣል።

የመርከቡ ጥቁር ባንዲራ ላይ የምትሥዪው የራስ ቅል ፈገግ ይበል። ወንበዴዎቹ ያንን ጥቁር ባንዲራ የሚሰቅሉት ሌላው መርከብ ደንግጦ ሳይዋጋ እጁን እንዲሰጥ ነበር። እኛ ማንንም ማስደንገጥ አንፈልግም፤ ከስምንት ልጅ መካከል ደግሞ አንድ የሚፈራ አይጠፋም።

አሁን ካርታው። ነጭ ወረቀት ውሰጂና ጠርዙን በእጅሽ ቅደጂው። ትሪ ላይ አድርጊና ወፍራም ሻይ አፍስሺበት፣ አምስት ደቂቃ ቆይቶ አውጥተሽ አድርቂው። መቶ ዓመት ያለፈው ይመስላል። ጠርዙን በክብሪት ለብልቢው የሚሉሽን አትስሚ፣ ለአንድ ወረቀት ብለሽ እሳት ምን ውስጥ ይከትሻል?

ፍንጮቹን በሥዕል አድርጊያቸው፤ ማንበብ የሚችል አንድ ልጅ ካለ ሌሎቹ የእሱ ተከታይ ሆነው ይቀራሉ። ጫማ ሥዪ፣ ጫማ መደርደሪያው ጋ ይሮጣሉ። እዚያ የትራስ ሥዕል ይጠብቃቸዋል፣ ከትራሱ ሥር ደግሞ የባልዲ ሥዕል። ስድስት ፍንጭ ይበቃል። እያንዳንዱን ፍንጭ ሌላ ልጅ ይክፈተው፣ ተራ ያዢላቸው።

መጨረሻ ላይ የሚያገኙት ሀብት አንድ ሳጥን ይሁን። ይህን የተማርኩት በራሴ ልጅ ልደት ነው። አራት ዓመት ሲሞላው በወርቃማ ወረቀት የተጠቀለሉ የቸኮሌት ሳንቲሞች በየጥጉ በትኜ «ያገኘ ይውሰድ!» አልኩ። አንዱ ቀልጣፋ ልጅ ወዲያው ኪሱን ሞላ። ሁለቱ አለቀሱ። የእኔው ባለልደት ጠረጴዛ ሥር ገብቶ አልወጣም አለ፣ ሻማውን ያጠፋነው እሱን ከዚያ እየለመንን ነው።

እዚህ ላይ እውነተኞቹ ወንበዴዎች ከእኔ ይሻሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1722 የሞተው ባርቶሎሚው ሮበርትስ መርከቡ ላይ የተጻፈ ደንብ ነበረው። ዝርፊያው በድርሻ ይከፈላል፣ ካፒቴኑ ሁለት ድርሻ ያገኛል፣ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ደግሞ መብራት ይጠፋል። ይህንን ኮርጂው። አንድ ትልቅ ወረቀት ላይ «አንጋፋም፣ ተራ እንጠብቃለን፣ ሀብቱን እኩል እንካፈላለን» ብለሽ ጻፊ፣ ሲገቡ አንብቢላቸው፣ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ይፈርሙበት። ሳጥኑ ሲከፈት የሚጮህ ካለ ፊርማውን ታሳዪዋለሽ። በጣም ይሠራል። ካፒቴኑ ሁለት ድርሻ ይውሰድ አይውሰድ ላንቺ ትቼዋለሁ፣ እኔ ብሆን አንዷን ትርፍ ሳንቲም እሰጠው ነበር፤ ልደቱ አይደል?

አለባበሱን በአጭሩ። ባለመስመር ካናቴራ፣ ራስ ላይ ሻሽ፣ አለቀ። የዐይን መሸፈኛው ለፎቶ ብቻ ይሁንና ከዚያ ወደ ግንባር ይውጣ፤ በአንድ ዐይን ርቀት መለካት ስለሚያስቸግር እየሮጡ ከበር ጋር ይላተማሉ። ሰይፍ አትስጪያቸው፣ የካርቶንም ቢሆን። በምትኩ ከወጥ ቤት ሶፍት መሃል የሚቀረውን ቱቦ ጥቁር ቀለም ቀቢና ቴሌስኮፕ አድርጊላቸው። ፊኛ ከፈነዳ ቁርጥራጩን ቶሎ ልቀሚ፣ ትንንሾቹ አፋቸው ውስጥ ከከተቱት ያንቃቸዋል። ታናናሾች አብረው ከመጡ ሳጥኑ ውስጥ ዶቃና ትንንሽ ነገር አይግባ።

ኬኩ ሰማያዊ ክሬም ተቀብቶ ከላይ የወረቀት ሸራ ያለው እንጨት ከተሰካበት መርከብ ነው። አትጨነቂበት።

ባለቤትሽ ያነሳው ነገር ቀልድ ቢሆንም እውነት አለው። ሌቦች ነበሩ፣ ገዳዮችም። ስለዚህ ጨዋታው ውስጥ መዝረፍና መማረክ አይኑር፣ የጠፋ ሀብት የሚፈልጉ ባሕረኞች ይሁኑ። ልጅሽ «እውነት ሀብት ይቀብሩ ነበር?» ካለሽ ብዙዎቹ እንደማይቀብሩ ንገሪው፣ ያገኙትን ቶሎ ያጠፉት ነበር። ዊልያም ኪድ ግን እ.ኤ.አ. በ1699 ኒው ዮርክ አጠገብ ያለች ደሴት ላይ ቀብሯል። ባለሥልጣናቱ አስወጥተው ማስረጃ አደረጉበት። ከሁለት ዓመት በኋላ ለንደን ውስጥ ተሰቀለ፤ ይቺን እንኳ ለልጁ ሳይሆን ለአባቱ ንገሪው።

ጥያቄ፦ የስድስት ዓመት ልጄ እንዲህ ዓይነት ልደት ላይ ተጠርታለች። ታላቅ ወንድሟ «ሴት የባሕር ወንበዴ የለም፣ አንቺ ልዕልት ሁኚ» ብሎ አስለቀሳት። ምን ልበላት?
አባት

መልስ፦ ወንድሜ፣ አሉ በላት። አን ቦኒ እና ሜሪ ሪድ ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ1720 ከወንበዴው ካፒቴን ከጆን ራካም ጋር ጃማይካ አካባቢ ተያዙ፣ በዚያ ቀንም ከወንዶቹ ይልቅ የተዋጉት እነሱ ናቸው ይባላል። ሻሿን እሰርላትና ላካት። ካፒቴን ማን ይሁን ብለው ከተጣሉ ደግሞ ድምፅ ይስጡ፣ በዚያን ጊዜም ካፒቴን የሚመረጠው በባሕረኞቹ ድምፅ ነበር። ወንድሟም ተጠርቶ ከሆነ አንድ ድምፅ አለው።