ጨርቅ ፍለጋ ውጭ ለምትወጡ ልጆቼ

ልጆቼ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ብጣሽ ጨርቅ እየገጣጠማችሁ ብርድ ልብስ መስፋት የጀመራችሁት ማለቴ ነው፣ ዱባይም ናይሮቢም ብቅ ስትሉ የመጀመሪያው ቀን ምንም አትግዙ። ዝም ብላችሁ ዙሩ፣ ጨርቁን ገልብጡ፣ ጀርባውንና ጠርዙን እዩ፣ እንዴት እንደተሰራ ሻጩን ጠይቁት። እድሜዬን ስፌት ላይ የጨረስኩ ሰው ነኝና እመኑኝ፣ ሜትሩ ያልቃል፣ አሰራሩን አይቶ የመጣ ልጅ ግን እዚሁ ባለው ጨርቅም ይሰራበታል።

ዱባይ ከሆናችሁ ቡር ዱባይ የሚባለው ሰፈር፣ ከተማውን ለሁለት የሚከፍለው የባህር ውሃ (ክሪክ ይሉታል) ዳር የጨርቅ ገበያ አለ፣ ከማዶው ሰፈር ከዴይራ አብራ በምትባለው ጀልባ ትሻገራላችሁ። እዛ የሚያብለጨልጨው ነገር አይን ይወስዳል፣ ፖሊስተሩ ብዙ ነው። ትንሽ ቁራጭ ለምኑና ውጭ ወጥታችሁ አንድ ክር መዛችሁ ክብሪት አስነኩት፣ ጥጥ ከሆነ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል አመዱም በጣት ሲነካ ብን ይላል፣ ፖሊስተር ከሆነ ይቀልጥና ጠጣር ጠብታ ሆኖ ይቀራል። ለኛ ስራ ጥጡ ነው የሚሻለው፣ ካውያ ሲያርፍበት እጥፉ ባለበት ይተኛል።

ናይሮቢ ደሞ ቢያሻራ ስትሪት ሂዱ፣ ካንጋ የሚባለው የምስራቅ አፍሪካ ሴቶች የሚያገለድሙት ደማቅ የጥጥ ጨርቅ እዛ ነው። ጥንድ ሆኖ ይሸጣል፣ ከታችኛው ጠርዝ በላይ የስዋሂሊ አባባል ተፅፎበታል። አንዱን ዘርግታችሁ ቁጭ ብላችሁ እዩት፣ ጠርዙ አራቱንም ጎን ይዞራል፣ ብዙ ጊዜ መሃሉ ላይ አንድ ትልቅ ዲዛይን ይኖርና በየማዕዘኑ ትንንሽ ይደረግለታል። የኛ ነጠላ ጥለቱ ጫፍና ጫፍ ላይ ነው፣ አይዞርም፣ ለዛ ነው እኮ ብርድ ልብስ ዙሪያውን ጥለት ልታደርጉ ስትሉ ማዕዘኑ ላይ ስትደርሱ እጃችሁ የሚያዘው። ካንጋውን ባትገዙት እንኳን ማዕዘኑን በደብተር ሳሉት፣ ፎቶ ብቻ አይበቃም፣ ስትስሉ ነው አይን የሚያስተውለው።

ህንድና ባንግላዴሽ የደረሰ ሰው ካገኛችሁ ስለ ካንታ ጠይቁት። የቤንጋል ሴቶች ያረጀ ሳሪ ደራርበው መርፌ ገባ ወጣ እያደረጉ ያያይዙታል፣ ድሮ ክሩንም የሚመዙት ከዛው ከሳሪው ጠርዝ ነበር። መሃሉ ሳስቶ ጥለቱ ግን ምንም ያልሆነ ነጠላ በየእናቶቻችሁ ሳጥን ውስጥ የለም እንዴ? አሜሪካ አላባማ ጊስ ቤንድ የሚባል ገጠር ያሉ ጥቁር ሴቶች ደሞ ካለቀ የስራ ልብስ የሰፉት ብርድ ልብስ እ.ኤ.አ. በ2002 ኒውዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ታየ፣ እኛ ድሪቶ ነው ብለን እንግዳ ሲመጣ የምንደብቀውን አይነት ነገር ማለት ነው። ይሄ ሁሌ ያንገበግበኛል። የመንዝ ዝተትና በርኖስ፣ ያ ጥቁር ሱፍ፣ ሴቶቹ ፈትለውት ወንዶቹ ሸምነውት፣ ከደማቅ ካንጋ ጎን ቢገባ እንዴት እንደሚያምር እስኪ አስቡት!

ስትገዙ ግማሽ ሜትር ግማሽ ሜትር ይበቃል፣ የሻንጣ ኪሎም አለ፣ የት እንደሚገባ ሳታውቁ የገዛችሁት ቁም ሳጥን ውስጥ ነው የሚያረጀው። ቤት ስትገቡ ጥጡን ሳትቆርጡ እጠቡት፣ ይኮማተራላ፣ ደማቁን ከነጭ ብጣሽ ጋር ለብቻው ንከሩትና ቀለም ይለቅ እንደሆነ እዩ። ሱፉን ግን ሙቅ ውሃ እንዳታስነኩት እንዳታሹትም፣ ይጠብቅና ይደድራል። ሁለቱንም ለየብቻ አጥባችሁ በደንብ ከደረቁ በኋላ ነው መቀስ የምታነሱት።